በመቀሌ ዙሪያ ስላሉ ትናንሽ ጅረቶች፤ ከልጆች ጋር ስለ መዘዋወርና ዓሣ ስለ ማጥመድ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ለሰሚው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። በየመንደራችን አጠገብ ስለሚወርደው ጅረት ነውና። ሰው ስለ ታላቁ ወንዝ ስለ ዓባይ ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን ዓባይን ከሚሞሉት ውኆች አንዱ በቤቱ በታች ሲያልፍ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚመረምር ጥቂት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ስለ ጥማት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በእጁ ያለውን ስለማያውቅ ሰውም ሊነገር ይችላል።

ይህንንም ነገር ዛሬ ለመናገር የተነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ስለ ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቀጥሎም ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ዕድሜያቸው አለፈ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ወንበራቸውንና መጽሐፋቸውን አጡ። መጽሐፍና ወንበር በጠፋበት ጊዜ ግን ያልጠፋ አንድ የትምህርት ቤት ነበረ፤ እርሱም እግዚአብሔር የሠራው ሜዳና ጅረት ነው። በዚያም ሒሳብ አለ፤ ጂኦግራፊ አለ፤ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ የጤና ትምህርትም አለ። የጐደለው የሚያስተምርበት ሰው ነው።

ስለ ወራቱ

በብርዳማ አገሮች በረዶው ቀልጦ ጅረቱ ሲሞላ፥ ሰዎች ዘንግና መንጠቆ ይዘው ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ወደ ተራራ ውኆች ይወጣሉ። ይህ ዓሣ ቀዝቃዛና ፈጣን፥ የጠራም ውኃ ይወዳል። በአገራችንም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል። በመቀሌ ዙሪያ ባሉት ጅረቶች የሚገኙት ዓሦች ግን ሌሎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ወደ ፊት እናገራለሁ።

ወራቱም ይለያያል። እኛ በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን ከአራት እንከፍላለን፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክረምት ነው። ለጅረት መንገደኛ የሚመረጠው መጸው ነው። በመቀሌ ዋናው ዝናም ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይዘንማል። በመስከረም ጎርፉ ይጐድላል፤ በጥቅምት ውኃው ይጠራል፤ በኅዳር የጅረቱ ሆድ ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል። በሚያዝያ ግን ብዙዎቹ ጅረቶች ተቆራርጠው ኩሬ ኩሬ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፥ መምህሩ ልጆቹን ይዞ የሚወጣበትን ቀን ከጥቅምትና ከኅዳር መምረጥ ይገባዋል።

ስለ ውኃው መንገድና ስለ ድንጋዩ

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአጠገቧ የሚያልፈው ኢላላ የሚባለው ጅረት ወደ ምዕራብ ወርዶ ከጊባ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ጊባም ራሱ ሱሉሕና ገንፈል ከሚባሉ ሁለት ወንዞች መገናኛ ይጀምራል። ከዚያም በጥልቅ ገደል ውስጥ አልፎ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ወደ ሱዳን ተሻግሮ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ በኢላላ ዳር የተቀመጠ ልጅ አንድ ደረቅ ቅጠል ቢጥል፥ ቅጠሉ ወደ ግብፅ የሚወስደውን መንገድ ጀመረ ማለት ነው። ዛሬ ግን በመንገዱ ላይ በ2009 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈጸመው፥ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ይጠብቀዋል። መምህሩ ይህን በካርታ ብቻ ቢያሳይ ልጁ ይረሳዋል፤ ውኃውን እያየ ቢነግረው ግን እስኪሸመግል አይረሳውም።

የቦታውም ስም አስተማሪ ነው። በትግርኛ ማይ ማለት ውኃ ስለሆነ፥ ማይ ጨው፥ ማይ መኽደን፥ ማይ ዘግዘግ እያሉ አባቶች አገሩን በውኃው ጠርተውታል። ሽማግሌዎች ሆይ፥ የእያንዳንዱን ምንጭ ስምና ስሙ የወጣበትን ምክንያት የምታውቁት እናንተ ናችሁና፥ ለልጆቹ ንገሩልን፤ መምህሩም ይጻፈው።

ከውኃው በታች ያለውንም ድንጋይ ማየት ያስፈልጋል። በመቀሌ ዙሪያ በብዛት የሚታየው የኖራ ድንጋይ ነው። በ1868 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘው የድንጋይ ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ በመንገዱ ሁሉ ድንጋዩንና እንስሳውን እየመረመረ ይጽፍ ነበር፤ ይህንንም የኖራ ድንጋይ በሕንጣሎ አገር ስም ሰይሞታል። እስከ ዛሬም በዓለም ያሉ ሊቃውንት በዚሁ ስም ይጠሩታል። በድንጋዩ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ምልክት ይገኛል፤ ይህም አገሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበረ ያስረዳል። ልጁ በእረኝነት ሲውል በእግሩ የሚረግጠው ድንጋይ ይህን ያህል ታሪክ እንደ ተሸከመ ቢያውቅ፥ አገሩን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ይህ የኖራ ድንጋይ በምንጭ ውኃ ውስጥም ይሟሟል። ውኃው ከምንጩ ወጥቶ በድንጋይ ላይ እየተንጠባጠበ ሲወርድ፥ የያዘውን ኖራ መልሶ በቅጠልና በእንጨት ላይ ይጥለዋል፤ በብዙ ዘመንም ቅጠሉ ድንጋይ ለብሶ ይገኛል። በማይ መኽደን እንዲህ ያለው ልጥፍ ድንጋይ በጥንት ዘመን ውኃውን የሚገድብ እስኪሆን ድረስ ተከማችቶ ይታያል።

በጅረቱ ስላሉ ሕያዋን

በጅረቱ ዳር ሲሄዱ ዝግ ማለትና ዝም ማለት ያስፈልጋል። ሠላሳ ልጅ እየጮኸ ቢሄድ የሚያየው የሸሸ ወፍ ጅራት ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹን በትናንሽ ቡድን መክፈል፥ ከእያንዳንዱም ቡድን ጋር አንድ አዋቂ ሰው ማሰለፍ መልካም ነው።

ሾላና ዋርካ፥ ወይራና ግራር በየዳሩ ይገኛሉ። ሾላ ባለበት ወፍ ይሰበሰባል፤ ሥሩም ዳሩን አጥብቆ ይይዛል። በውኃው ጥግ ነጭ ሳቢሳ ቆሞ ይጠብቃል። ቡናማ ቀለም ያለውና ከራሱ ኋላ ጉትዬ የመሰለ ላባ የተንጠለጠለበት ወፍም አለ፤ ይህ ወፍ በዛፍ ላይ ከአካሉ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ጎጆ ከእንጨትና ከጭቃ ይሠራል። በድንጋይ ሥር ደግሞ ከአንድ ጣት ጥፍር የማይበልጡ የውኃ ነፍሳት ተጣብቀው ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጠራ ውኃ ብቻ የሚኖሩ ስለሆኑ፥ በብዛት ሲገኙ ውኃው ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር ናቸው፤ ሲጠፉም ከላይ አንድ ክፉ ነገር እንደ ተጨመረበት ያስጠነቅቃሉ። ልጆቹ ድንጋዩን አንሥተው ካዩ በኋላ እንደ ነበረ መልሰው ማስቀመጥ ይገባቸዋል፤ ለእነዚያ ፍጥረቶች ቤታቸው ነውና።

ከዓሦችም በተከዜ ወገን ባሉ ውኆች ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ይገኛል። አካሉ ብርማ ሆኖ በአፉ አጠገብ ጢም የመሰሉ ትናንሽ ነገሮች አሉት፤ ሥጋው ጣፋጭ ሲሆን ቀጫጭን አጥንት ይበዛበታል። አምባዛም አለ፤ እርሱ ቅርፊት የለውም፥ ጢሙ ረጅም ነው፥ አየርም ከውኃው ወለል ወጥቶ ሊተነፍስ ስለሚችል በደፈረሰ ኩሬ ውስጥ ሳይሞት ይቈያል። በፈጣኑ ውኃ ደግሞ ከአፉ በታች መጣበቂያ ያለው ትንሽ ዓሣ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ጎርፉን ሲቋቋም ይታያል። በተከዜ ግድብ ሐይቅ ውስጥም ቀረሶ ይገኛል።

አስተውሎ በማየት ስለ ተገኘ ትልቅ ነገር

አንዳንድ ሰው በጅረት ዳር መዘዋወርን የሥራ ፈት ሥራ ያደርገዋል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ በአገራችን በትግራይ ተፈጽሟል። በ1964 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያ ስለሚባለው በሽታ ለመመርመር በዓድዋ ነበሩ። ይህ በሽታ በውኃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መገኘታቸውን ዶክተሩ አስተዋሉ፤ ከዚያ በላይ ባለው ውኃ ግን በሕይወት ነበሩ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በሳሙና ፈንታ ሲያጥቡበት ኖረዋል፤ የሞተውንም ቀንድ አውጣ ብዙ ሰው ሳያይ አልቀረም። ነገር ግን ለምን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ተገኘና የእንዶድ ኃይል በዓለም ታወቀ። ስለዚሁም ሥራ ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

መምህራን ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትምህርት ይህ ነው። ከላይኛው ውኃና ከታችኛው ውኃ መካከል ያለውን ልዩነት ልጁ ራሱ እንዲያይ፥ አይቶም ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው። መልሱን ፈጥናችሁ አትንገሩት፤ ጥያቄውን ግን አታፍኑበት።

ስለ ዓሣ ማጥመድ

ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥትን የሚያስተምር ሥራ ነው። መሣሪያውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀጥ ያለ ዘንግ፥ ጠንካራ ሲባጎ፥ ትንሽ መንጠቆና ከእርጥብ መሬት የተቈፈረ ትል ይበቃል። በወራጅ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ምግቡን ውኃው እንዲያመጣለት ፊቱን ወደ ላይኛው ውኃ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ መምጣት፥ ጥላውንም በውኃው ላይ አለመጣል ይገባዋል። እግሩን በድንጋይ ላይ ቢያንኳኳ ዓሣው መንቀጥቀጡን ሰምቶ ይሸሻል። መንጠቆውን ከድንጋዩ ራስ በላይ ጥሎ ውኃው ራሱ ወደ ጥልቁ እንዲወስድለት መተው ነው። ጧትና ማታ፥ ፀሐይ ሳይበረታ፥ ዓሣው ምግቡን ይፈልጋል፤ በቀትር ግን በጥልቁና በጥላው ሥር ይሸሸጋል። በእጅ ድንጋይ ሥር መፈለግን ልጆች ይወዱታል፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለውን ግን አይርሱት፤ በድንጋይ ሥር እባብ ይኖራልና።

ሕጉም አራት ነው። መጀመሪያ፥ ትንሹን ዓሣ በእርጥብ እጅ ይዞ ወደ ውኃው መመለስ። ሁለተኛ፥ ዓሣው እንቁላሉን በሚጥልበት ወራት አለማጥመድ። የነጭ ዓሣ ወገን በጣና ሐይቅ ዙሪያ እንደ ታወቀው በክረምት ወንዝ ሲሞላ ጠጠር ወዳለበት ንጹሕ ውኃ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል፤ በወንዙ አፍ መረብ ዘርግቶ በዚያን ጊዜ የሚይዘው ሰው አንድን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውን ሁሉ ያጠፋል። ሦስተኛ፥ ብርብራን ወይም እንዶድን ወቅጦ ወደ ውኃ አለመጨመር። የብርብራ ፍሬ ዓሣውን ይመርዘዋልና፥ ትልቁ ለሰው ሲሆን ትንሹ በከንቱ ያልቃል፤ ከታች ያለውም መንደር ውኃውን ይጠጣል። አራተኛ፥ ለምግብ ከሚበቃው በላይ አለመያዝ። ዓሣን መብላት በብልሃት የሚለው ቃል አጥንቱን ለመጠንቀቅ ተነገረ፤ እኛ ግን ለነገ ስለ መቆጠብም ብንወስደው አይበዛበትም።

ስለ ውኃ ልክና ስለ መዝገብ

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ እነግራችኋለሁ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የጅረቱን ውኃ ልክ በየወሩ ይመዝግብ። ዘዴው ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ቦታ ተመርጦ 10 ሜትር በገመድ ይለካል። ደረቅ እንጨት ከላይ ይጣልና 10 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደ ጨረሰ ይቈጠራል። ለምሳሌ በ40 ሰከንድ ቢጨርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.25 ሜትር ነው። የጅረቱ ወርድ 0.5 ሜትር፥ መካከለኛ ጥልቀቱም 0.1 ሜትር ቢሆን፥ ሦስቱ ሲባዙ 0.0125 ሜትር ኩብ፥ ማለት 12.5 ሊትር ይሆናል። ከላይ ያለው ውኃ ከታች ካለው ስለሚፈጥን ከዚህ 0.8 እጁ ይወሰዳል፤ ይህም በሰከንድ 10 ሊትር ነው። በአንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስላለ፥ ጅረቱ በቀን 864,000 ሊትር ይሰጣል፤ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲቈጠር 43,200 ጀሪካን ይሆናል። ከእናቱ ጋር ለአንድ ጀሪካን ረጅም መንገድ የሚሄድ ልጅ ይህን ቍጥር ሲያገኝ ሒሳብ ምን እንደሚጠቅም ሳይነገረው ይገባዋል።

ይህ መዝገብ በመምህሩ ቍጥርና በሽማግሌው ትውስታ የሚሠራ ነው። መምህሩ ዛሬ ያለውን ይለካል፤ ሽማግሌው ግን ጅረቱ በወጣትነቱ እስከ የትኛው ወር ይፈስ እንደ ነበረ፥ የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደ ነጠፈ ይናገራል። በመስኖ ባለበት አገር ውኃውን ለገበሬዎች በተራ የሚያከፋፍለው አቦ ማይ፥ ማለት የውኃ አባት፥ ከማንም ይልቅ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ሲያርፉ ዕውቀታቸው አብሮ እንዳይቀበር ዛሬ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስለ ጥንቃቄ

ልጅን ወደ ውኃ የሚወስድ ሰው የሰው አደራ ተሸክሟል። ደራሽ ውኃ በራስ ላይ ዝናም ሳይዘንም ይመጣል፤ በላይኛው ተራራ ደመና ከጠቈረ፥ ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፥ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፥ ከሩቅም ጕምጕምታ ከተሰማ፥ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ተብሏልና፥ ከጕልበት በላይ የደረሰውንና የደፈረሰውን ውኃ ልጅ እንዳይሻገር።

የቆመ ውኃም ሌላ አደጋ አለው። በትግራይ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የተደረገና በ1999 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፥ ወባ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በእነዚህ ሰባት እጥፍ እንደሚበዛ አሳይቷል። ይህ ማለት ግድብ አይሠራ ማለት አይደለም፤ አጎበር ይዘርጋ፥ የማይረባውም ኩሬ ይደፈን፥ ትኩሳት የያዘው ልጅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ ማለት ነው። ዝግ ብሎ በሚሄድና ቀንድ አውጣ በሞላበት ውኃም ልጆች መዋኘት የለባቸውም።

ጅረቱን ስለሚያድነው ሥራ

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እንደሚባለው፥ ጅረትም የሚጠፋው ከራሱ ነው። ተራራው ሲራቆት ዝናሙ ወደ መሬት ሳይሰርግ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ ምንጩም በበጋ ይነጥፋል። ይህ ግን የማይመለስ ነገር አይደለም። የትግራይ ገበሬ በየዓመቱ ያለ ደመወዝ እየወጣ እርከን ሠራ፤ ከብት እንዳይገባበት የተከለከለ ኮረብታም መልሶ ለመለመ። ከውቅሮ አጠገብ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በዚህ ሥራ የጕድጓዱ ውኃ ስለ ተመለሰለት በ2012 የኢኳተርን ሽልማት አገኘ፤ በ2017ም ትግራይ በረሓማነትን በመከላከል በዓለም የወርቅ ሽልማት ተሰጣት፤ ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ሰው ማገዶ በማጣቱ ከዚሁ ዛፍ ብዙው ተቆርጧል። ለተራበና ለበረደው ሰው በዚህ አይፈረድበትም፤ የተቆረጠውን ኮረብታ መልሶ የማልበስ ሥራ ግን በእኛና በልጆቻችን ላይ ወድቋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው። በሚመጣው ጥቅምት እያንዳንዱ መምህር ልጆቹን ይዞ አንድ ቀን ወደ ቅርቡ ጅረት ይውጣ። እያንዳንዱ ሽማግሌም በትሩን ይዞ አብሮ ይውጣ፤ የምንጩን ስም ይንገር፥ የቀድሞውንም ውኃ ልክ በድንጋዩ ላይ ያሳይ። አንዱ ልጅ ይለካ፥ አንዱ ይጻፍ፥ አንዱም መንጠቆ ይጣል። የተጻፈው መዝገብ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ በሚመጣውም ዓመት በዚያው ወር፥ በዚያው ቦታ ይደገም። ውኃው ጨምሮ ቢገኝ ከላይ የተሠራው እርከን ፍሬ እንዳፈራ ይታወቃል፤ ጐድሎ ቢገኝም ምክንያቱን ለመፈለግ ወደ ተራራው መውጣት ነው።